ፌስቡክ ኮምፒውተር ላይ አልከፍት ሲል፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

«ስልኬ ላይ ይሠራል፣ ላፕቶፔ ላይ ግን ፌስቡክ እምቢ አለ። ምን ላድርግ?»

ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ለእያንዳንዱ ሰው በቴሌግራም ቁርጥራጭ መልስ ስጽፍ ሁሌ አንድ ነገር እዘላለሁ። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ አስቀመጥኩት።

አንዲት ጎረቤቴ በዚሁ ችግር ላፕቶፗን ጥገና ቤት ወሰደችው። «ፎርማት ይፈልጋል» አሏት፤ ተደረገላት። የልጇ የክርስትና ፎቶዎች አብረው ጠፉ። ቤቷ ገብታ ስትሞክረው ፌስቡክ አሁንም አይከፍትም። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ዓመተ ምህረት ነበር። በአንድ ደቂቃ ተስተካከለ፤ ፎቶዎቹ ግን አልተመለሱም። አንድ ድረ ገጽ አልከፍት ስላለ ብቻ ኮምፒውተር ፎርማት አይደረግም። ይህን አጥብቄ እላለሁ።

መመሪያው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 እና ክሮም ለሚጠቀሙ ነው። ኤጅ ላይም አሠራሩ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ቀላሉና ጉዳት የሌለው ከፊት፣ ነካ ሲያደርጉት የሚያበላሸው ወደ ኋላ ነው የተቀመጠው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ኮምፒውተሩና ቻርጀሩ
- ዳታ ያለው ስልክ። ቤት ውስጥ ካለው ዋይፋይ የተለየ መስመር ቢሆን ይመረጣል
- ሁለተኛ ብሮውዘር (ድረ ገጽ የምትከፍቱበት ፕሮግራም)። ኤጅ ከዊንዶውስ ጋር ስለሚመጣ እሱ ይበቃል
- የፌስቡክ ፓስወርዳችሁ፣ እንዲሁም ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ግማሽ ሰዓት ያህል

ወረቀቱን አትናቁት። የቀየራችሁትን እያንዳንዱን ነገር ትጽፉበታላችሁ። አንድ ነገር ቀይራችሁ ካልሠራ ወደ ነበረበት መልሳችሁ ነው ወደሚቀጥለው የምትሄዱት። አምስት ነገር ባንዴ የቀየረ ሰው፣ ቢሠራለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ችግሩ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል።

1. ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

ብዙ ሰው «አይከፍትም» ብሎ ነው የሚነግረኝ። ምን ይላል ስለው ገጹን ዘግቶታል። ኮምፒውተሩ የታመመበትን ቦታ ራሱ ይናገራል፤ መጀመሪያ እሱን ስሙት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

- የዳይኖሰር ሥዕል ከመጣ፣ ኮምፒውተሩ ጭራሹን ኢንተርኔት የለውም። ደረጃ 3 ላይ ትኩረት አድርጉ።
- «ዩር ኮኔክሽን ኢዝ ኖት ፕራይቬት» ካለ፣ በአብዛኛው ቀኑ ተዛብቷል። ደረጃ 5 ነው።
- ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ውስጥ «ፕሮክሲ» የሚል ቃል ካለ፣ ደረጃ 8።
- ዲ ኤን ኤስ የሚሉ ሦስት ፊደላት ካሉ፣ ደረጃ 9።
- ረጅም ጊዜ እየዞረ ቆይቶ «ቱክ ቱ ሎንግ ቱ ሪስፖንድ» ካለ፣ መስመሩ ደካማ ነው ወይም መንገድ ላይ የሚያግድ ነገር አለ። 2ን፣ 3ን እና 8ን ሞክሩ።
- ነጭ ባዶ ገጽ ከመጣ፣ ወይም ፌስቡክ ያለ ቀለምና ያለ ሥዕል ሰማያዊ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ከተዘረዘረ፣ ብሮውዘሩን ጠርጥሩ። ደረጃ 6 እና 7።

የመጨረሻው ብዙዎችን ያደናግራል። ፌስቡክ ገጹን የሚያቀርበው ከአንድ አድራሻ ሲሆን፣ ሥዕሎቹንና የገጹን ቅርጽ የሚያመጣው ከሌላ አድራሻ ነው። ሁለተኛው ከታገደ ወይም በግማሽ ከተጫነ አጥንቱ ይመጣል፣ ሥጋው ይቀራል።

አድራሻውንም በዚሁ ፊደል በፊደል ተመልከቱት። አንድ ፊደል የጎደለው ወይም የተደገመበት ከሆነ የፌስቡክ አይደለም። ፓስወርድ ለመስረቅ የተሠሩ ተመሳሳይ ገጾች አሉ። አጥፉትና ራሳችሁ እንደገና ጻፉት።

2. ችግሩ የፌስቡክ ነው ወይስ የእናንተ?

የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ፌስቡክን ክፈቱ። ከመተግበሪያው ይልቅ በስልኩ ብሮውዘር ይሁን፤ መተግበሪያው ቀድሞ ያስቀመጠውን እያሳየ ሊሸውዳችሁ ይችላል። ከዚያ ሌላ ሠፈር ወይም ሌላ ከተማ ላለ ሰው ደውሉ።

ለማንም ካልከፈተ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለ6 ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ምክንያቱ የኩባንያው የራሱ ኔትወርክ ላይ የተደረገ የተሳሳተ ለውጥ ነው። የካቲት 26 ቀን 2016 ደግሞ ብዙ ሰው በድንገት ከአካውንቱ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል መግባት አልቻለም። በዚያ ቀን «ተጠለፍኩ» ብለው ፓስወርዳቸውን ደጋግመው የሞከሩና ለመቀየር የተጣደፉ ብዙ ነበሩ። እንዲህ ባለ ሰዓት የምትነኩት ነገር ሁሉ ትርፉ ድካም ነው። ፌስቡክ ሲመለስ ያበላሻችሁት ማስተካከያ ይቀራችኋል።

ስልክ ላይ በዳታ ከፈተ፣ በቤቱ ዋይፋይ ግን ስልኩም ኮምፒውተሩም እምቢ አሉ? ችግሩ ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን) ወይም መስመሩ ላይ ነው። በዚያው ዋይፋይ ስልኩ ከፍቶ ኮምፒውተሩ ብቻ እምቢ ካለ፣ ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ይህ የሁለት ደቂቃ ሙከራ ከታች ያለውን ሥራ በግማሽ ይቀንስላችኋል።

3. መስመሩን ፈትሹ

ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ድረ ገጽ ክፈቱ። ከፍታችሁት የማታውቁት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ ዊኪፒዲያ ላይ ስለ አንድ ከተማ ፈልጉ። «ቴሌግራሜ እየሠራ ነው» ማለት ኢንተርኔት አለ ለማለት አይበቃም። ለአንድ መተግበሪያ ብቻ የሚሸጡ ጥቅሎች አሉ። የቴሌግራም ጥቅል የገዛ ሰው ቴሌግራም ይሠራለታል፣ ፌስቡክ ግን አይከፍትለትም፤ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሆን።

ከስልክ ሆትስፖት ከፍታችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀሪ ዳታችሁን እዩ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ *804# ደውሉ። ኮምፒውተር ከስልክ ይልቅ ዳታ ይበላል። ዊንዶውስ አፕዴት ከጀርባ ሲያወርድ ሌሊት የገዛችሁት ጥቅል ጠዋት ሊያልቅ ይችላል። ይህን ለመከላከል «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ውስጥ ገብታችሁ የሆትስፖቱን ስም ምረጡና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት። ዊንዶውስ ዳታው የሚቆጠር መሆኑን ስለሚያውቅ አብዛኛውን ማውረድ ያቆማል።

ራውተር ከሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁና መልሳችሁ ሰኩት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ ከመስመሩ በፊት ተነስቶ በግማሽ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እንደገና ሲነሳ ከኔትወርኩ ጋር አዲስ ግንኙነት ይፈጥራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከራውተሩ ጀርባ በመርፌ የሚነካ «ሪሴት» የሚል ቀዳዳ አለ። እሱን አትንኩ! ሶኬት ነቅሎ መሰካትና ሪሴት ማድረግ አንድ አይደሉም። ሪሴት የመስመራችሁን መጠቀሚያ ስምና ፓስወርድ ሊያጠፋው ይችላል። ያኔ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ይጠፋና አገልግሎት ሰጪው ጋ ደውላችሁ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ።

ሆቴል ወይም ካፌ ውስጥ ከሆናችሁ ዋይፋዩ መጀመሪያ የራሱን መግቢያ ገጽ ሳያሳይ ሌላውን አይከፍትም። አስተናጋጁን ጠይቁ።

4. ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ

«ሸት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት»። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ሸት ዳውን» ስትሉ ኮምፒውተሩ ቶሎ ለመነሳት ብሎ የውስጥ ሁኔታውን አስቀምጦ ነው የሚጠፋው። ስታበሩት ያው የቆየ ስህተት አብሮ ይነሳል። ሪስታርት ግን ከባዶ ያስጀምረዋል።

5. ቀኑንና ዓመቱን አስተካክሉ

ብዙ ጊዜ የማገኘው ጥፋት ይሄ ነው፣ በተለይ አገር ቤት ካሉ ዴስክቶፖች ላይ።

ፌስቡክን ስትከፍቱ ገጹ ለብሮውዘራችሁ የመታወቂያ ወረቀት ያሳየዋል። ሰርተፊኬት ይባላል። እንደ ቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ብሮውዘሩ ቀኑን የሚያመሳክረው ከእናንተ ኮምፒውተር ሰዓት ጋር ነው። ኮምፒውተሩ ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ከቆመ፣ ለእሱ ይህ መታወቂያ ገና አልተሰጠም፤ ስለዚህ «ሐሰተኛ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ዓመቱ የሚዛባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሰው በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። የእኛ ዘመን ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚያንስ ኮምፒውተሩን ያን ያህል ወደ ኋላ ይወስደዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሞላው ዓመት የፈረንጆቹ መሆን አለበት። የእኛን ቀን ማየት የሚፈልግ የግድግዳ ካላንደር ይስቀል ወይም ለብቻው ካላንደር ይጫን፤ የሲስተሙን ቀን ግን አይንካ።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይዛ የምትቆየው እሷ ናት። ስትሞት ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ አንድ የድሮ ዓመት ይመለሳል። አስተካክላችሁት በማግስቱ እንደገና ከተዛባ በአብዛኛው ባትሪዋ ናት። ዴስክቶፕ ከሆነ የመብራት ገመዱን ነቅላችሁ፣ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ለባለሙያ ስጡ፤ ውስጡን መክፈት ያስፈልጋል።

ማስተካከያው እንዲህ ነው፦

ሀ. ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ሰዓት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ክፈቱ።

ለ. «ታይም ዞን» የሚለው ላይ «ናይሮቢ» ምረጡ። አዲስ አበባን ስትፈልጉ አትድከሙ፣ የለችም። ዊንዶውስ የእኛን ሰዓት ያስቀመጠው በናይሮቢ ስም ነው፤ ሁለታችንም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 እንቀድማለን። ሌላ አገር ያላችሁ የምትኖሩበትን ምረጡ።

ሐ. «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ» የሚለውን አጥፍታችሁ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእጃችሁ ሙሉ። ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ 9 ብላችሁ «ኤኤም» ምረጡ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ከሆነ 3 ብላችሁ «ፒኤም»።

መ. ከዚያ አውቶማቲኩን መልሳችሁ አብሩና «ሲንክ ናው» የሚለውን ተጫኑ። በእጅ ማስተካከሉ መቅደም አለበት። ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን ዊንዶውስ ራሱ ለማስተካከል እምቢ ሊል ይችላል።

ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀኑ ልክ ሆኖም «ኖት ፕራይቬት» ማለቱን ካላቆመ፣ በተለይ በአንድ ዋይፋይ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በዚያ መስመር ፓስወርዳችሁን አትጻፉ። መሐል ላይ የገባ ነገር አለ ማለት ነው። በስልክ ዳታ ሞክሩት።

6. የተደበቀውን መስኮት ሞክሩ

ክሮም ወይም ኤጅ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና «ኤን» የምትለዋን ፊደል አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር መልክ ያለው መስኮት ይከፈታል። እዚያ ፌስቡክን ጻፉ።

ይህ መስኮት ቀድሞ የተቀመጠ ምንም ነገር ሳይዝ ነው የሚነሳው፤ ኤክስቴንሽን የሚባሉት ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችም በራሳቸው አይሠሩበትም። እዚህ ላይ ከፈተ፣ ኮምፒውተሩም መስመሩም ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ ብሮውዘሩ ያጠራቀመው ነገር ላይ ነው። ወደ 7 ሂዱ። እዚህም ካልከፈተ ኤጅ ላይ ሞክሩት። ኤጅም እምቢ ካለ 7ን ዝለሉና 8 ላይ ቀጥሉ።

7. የፌስቡክን ብቻ አጽዱ

መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ይህ እርምጃ ከአካውንታችሁ ያስወጣችኋል። ለዓመታት ሳይወጡ የኖሩ ሰዎች ፓስወርዳቸውን ረስተውታል። ከዚያም የከፋ አለ። ሪያድ ወይም ዱባይ ሳሉ በዚያው አገር ሲም አካውንት ከፍተው አገራቸው የገቡ ብዙዎች ናቸው። ኮዱ የሚላከው በእጃቸው ወደሌለ ቁጥር ነው። እንዲህ ከሆናችሁ አታጽዱ። ስልካችሁ ላይ አካውንቱ ገና ክፍት ሳለ ወደ «ሴቲንግስ» ገብታችሁ አሁን የምትጠቀሙበትን ቁጥርና ኢሜይል ጨምሩ፣ የድሮውን አውጡ። ከዚያ በኋላ ተመለሱ።

አሁን እንቀጥል። ፌስቡክ በተጻፈበት አድራሻ ግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጫኑ። «ኩኪስ ኤንድ ሳይት ዳታ» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ማኔጅ» ብሎ የሚጀምረውን ክፈቱ። ከፌስቡክ ስም ጎን ያለችውን የቆሻሻ ቅርጫት ተጫኑ። ገጹን ኮንትሮል እና ኤፍ5 አንድ ላይ ተጭናችሁ እንደ አዲስ አስጭኑት። ኮንትሮል ሲጨመርበት ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን የቆየ ቅጂ ትቶ ሁሉንም ከመጀመሪያ ያመጣል።

ብዙ ቦታ «ሂስትሪውን በሙሉ አጥፋው» ሲባል ትሰማላችሁ። አያስፈልግም። ያን ካደረጋችሁ ከኢሜይላችሁም፣ ከሌላውም ሁሉ ትወጣላችሁ። አንድ ክፍል ለመጥረግ ቤቱን ሁሉ ማውጣት ነው።

ካልሠራ ኤክስቴንሽኖችን ተመልከቱ። ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ «ኤክስቴንሽንስ»፣ «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ»። ሁሉንም አጥፉ። ፌስቡክ ከከፈተ አንድ በአንድ እያበራችሁ ሞክሩ። ሲዘጋ የመጨረሻዋ ያበራችኋት ናት ጥፋተኛዋ። አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ የሚያግዱት፣ ቪዲዮ የሚያወርዱትና ነፃ ቪፒኤኖቹ ናቸው። ጭኛታለሁ ብላችሁ የማታስታውሷት ካለች ግን ጥፋተኛ ባትሆንም አውጧት።

8. ቪፒኤንና ፕሮክሲ

ቪፒኤንም ፕሮክሲም የኢንተርኔት ትራፊካችሁን ሰርቨር በሚባል ሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፉ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት በተገደቡ ጊዜ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ቪፒኤን ጭኖ ነበር። ብዙዎቹ ዛሬም እዚያው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ሰርቨራቸው ተዘግቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን ትራፊኩን አሁንም ወደ ሞተው ሰርቨር ይልካል።

መጀመሪያ ቪፒኤኑን አጥፉ። በደንብ የማታውቁት ነፃ ቪፒኤን ከሆነ ጭራሹን ከኮምፒውተሩ አስወግዱት፤ የምትልኩት ሁሉ በእነሱ እጅ ነው የሚያልፈው።

አንዳንድ ፕሮግራም ሲወገድም ዱካውን ትቶ ይሄዳል። «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ፕሮክሲ» ግቡ። «ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር» የሚለው በርቶ ከሆነ አጥፉት። «ዩዝ ሴትአፕ ስክሪፕት» የሚለውንም እንዲሁ። ከማጥፋታችሁ በፊት የተጻፈውን አድራሻ ወረቀታችሁ ላይ ገልብጡ።

የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ከሆነ ይህን አትንኩ። ፕሮክሲው ሆን ተብሎ የገባ ሊሆን ይችላል፤ ብታጠፉት ኢንተርኔቱ በሙሉ ይቆማል። ፌስቡክን ያገዱትም እነሱ ከሆኑ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ።

9. የስም ማውጫውን ቀይሩ

ኮምፒውተር «ፌስቡክ» የሚለውን ስም አያውቅም። ቁጥር ነው የሚፈልገው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይርለት ዲኤንኤስ የሚባል የስልክ ማውጫ የመሰለ አገልግሎት አለ። ማውጫው ካልመለሰ ወይም የተሳሳተ ቁጥር ከሰጠ፣ መስመሩ ደህና ሆኖ ገጹ አይገኝም።

ቀላሉ መንገድ ከዊንዶውስ ሳይሆን ከክሮም መጀመር ነው፤ ቢበላሽ እንኳ የሚነካው ክሮምን ብቻ ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ «ሴኪዩሪቲ» ግቡና ወደ ታች ውረዱ። «ዩዝ ሴኪዩር ዲኤንኤስ» የሚለውን አብሩና ከዝርዝሩ ክላውድፍሌርን ወይም ጉግልን ምረጡ።

ከሠራና ለሁሉም ብሮውዘር እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ ዊንዶውስ 11 ላይ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ውስጥ የዋይፋያችሁን «ፕሮፐርቲስ» ክፈቱ። «ዲኤንኤስ ሰርቨር አሳይንመንት» ጎን «ኤዲት»ን ተጫኑ፣ «ማኑዋል» አድርጉት፣ አይፒቪ4ን አብሩ። በመጀመሪያው ቦታ 1.1.1.1፣ በሁለተኛው 1.0.0.1 ጻፉ። የጉግልን ከመረጣችሁ 8.8.8.8 እና 8.8.4.4 ነው። ነጥቦቹን አትሳቱ። ካልሠራ «አውቶማቲክ» ብላችሁ መልሱት።

10. ሆስትስ ፋይልና አንቲቫይረስ

ከሌላ ሰው የተገዛ ወይም ከመሥሪያ ቤት የወጣ ኮምፒውተር ከሆነ ይህን እዩ። ዊንዶውስ ማውጫውን ከመጠየቁ በፊት የሚያያት ሆስትስ የምትባል ትንሽ ፋይል አለች። እዚያ ውስጥ ፌስቡክ ከ127.0.0.1 ወይም ከ0.0.0.0 ጋር ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ፌስቡክን ራሱ ውስጥ ይፈልጋል፤ አያገኘውም።

ኖትፓድን በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሉ። ከዚያ «ፋይል»፣ «ኦፕን» ብላችሁ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ እያላችሁ ግቡ። ባዶ ቢመስል አትደንግጡ፤ ከታች «ኦል ፋይልስ» ስትሉ ትታያለች። ሳትነኳት ቅጂዋን ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ። በ# የሚጀምሩ መስመሮች ሥራ ስለሌላቸው ተዋቸው። የፌስቡክ ስም ያለበትን መስመር ብቻ አጥፍታችሁ ሴቭ አድርጉ።

አንቲቫይረሱን ለመፈተሽ የድረ ገጽ ጥበቃውን ለ10 ደቂቃ ብቻ አጥፉ። በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ከፌስቡክ ሌላ ምንም አትክፈቱ፣ ፍላሽም አትሰኩ። ከከፈተ አንቲቫይረሱን አፕዴት አድርጉ። አጥፍታችሁ እንዳትተዉት።

11. ኮምፒውተሩ ያረጀ ከሆነ

ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ክሮም ቁጥር 109 ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ አይመጣላቸውም። ፌስቡክ ገጹን በየጊዜው ስለሚያድስ ያረጀ ብሮውዘር ግማሹን ማንበብ ያቅተዋል፤ ቁልፉ አይሠራም፣ ቪዲዮው አይነሳም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርማ ጭራሽ አይሆንም።

እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ፋየርፎክስ 115ን ጫኑ። ለዊንዶውስ 7 የወጣው የመጨረሻው ፋየርፎክስ እሱ ነው። የራሱን የሰርተፊኬት ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ከዊንዶውሱ እርጅና በከፊል ያመልጣል። ይህ ግን ጊዜያዊ ነው። በዚያ ማሽን የባንክ ሥራ አትሥሩ።

መግቢያው ተከፍቶ አካውንቱ እምቢ ካለ

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ገጹ ከከፈተ ከላይ ያለው ሁሉ አይመለከታችሁም። አካውንታችሁ ተቆልፎ ከሆነ ሁልጊዜ በምትጠቀሙበት ስልክና በምትታወቁበት ቦታ ሆናችሁ፣ ቪፒኤን አጥፍታችሁ የሚጠይቃችሁን ተከተሉ። «አካውንት አስመልሳለሁ፣ የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» የሚላችሁን ሰው ዝጉት። ያን ኮድ የያዘ ሰው አካውንቱን ይወስደዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት

- ፓስወርድ ደጋግሞ መሞከር። ገጹ በማይከፍትበት ጊዜ ፓስወርድ ጥፋት የለበትም። ብዙ ስትሞክሩ ግን ፌስቡክ ራሱ ለጊዜው ያግዳችኋል።
- «ፌስቡክ ማስተካከያ» የሚል ፕሮግራም ፈልጎ ማውረድ። እንዲህ የሚባል ጤነኛ ፕሮግራም አላየሁም።
- ብሮውዘሩን አጥፍቶ መልሶ መጫን። ቀኑ ወይም ፕሮክሲው ከተበላሸ አዲሱም ያው ነው የሚለው።
- መጀመሪያ ቪፒኤን መጫን። ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይነግራችሁም።

ሁሉንም ሞክራችሁ ካልሆነ ለባለሙያ ስጡ። ስትሄዱ ፎቶ ያነሳችሁትን መልእክትና ወረቀታችሁን ያዙ። «በስልክ ዳታ ይከፍታል፣ ኤጅ ላይም አይከፍትም፣ ቀኑ ልክ ነው፣ ፕሮክሲ ጠፍቷል» ብላችሁ ንገሩት። ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶና ሰነዳችሁን ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። «ሳታስፈቅዱኝ ፎርማት እንዳታደርጉት» ብላችሁም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።